ሰው የማይጠራበት ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለዶንካ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? በሰው አገር የምታስታምሚያት አሮጊትስ ዛሬም ሌሊት እየጠራች ታስነሳሻለች? እኔ ከብቸኝነቱ በቀር ደህና ነኝ። መቼም ከእኔ አስቀድመሽ የምትጠይቂው ስለ ጎረቤቴ ስለ ቶዶርካ ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። የደም ግፊቷ ተነስቶባት ሐኪሙ ጨው ከልክሏታል። ምራቷ ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ሴት ናት። የቶዶርካ ልጅ ፕላሜን ደግሞ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኗል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ግን ከዳቦ ሻጯ ነው። ቶዶርካ በሬን ካንኳኳች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። በሮቻችን ፊት ለፊት ናቸው፤ ስታስል እንኳ እሰማታለሁ።

ነገሩ የምርጫው ነው። የምርጫው ሰሞን መጥታ "ኒኮሊና፣ ድምፅሽ የልጄ ነው አይደል?" አለችኝ። ፕላሜን የተወዳደረው አዲሶቹ በሚባሉት በአዲሱ ፓርቲ ስም ነበር። ለእኔ ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌ ስቶይቾ በታመመ ጊዜ መኪናውን ልኮ ሆስፒታል ያደረሰልኝ የድሮው ከንቲባ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ባሌ ባይተርፍልኝም ውለታ ውለታ ነው። መዋሸት ደግሞ አይሆንልኝም። "ቶዶርካ፣ ፕላሜንን በእጄ ነው ያሳደግኩት፤ ድምፄ ግን የከንቲባው ነው" አልኳት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ልጄን ለዚያ ለሌባ ሽማግሌ ሸጥሽው! ከእንግዲህ አንቺም በርሽን፣ እኔም በሬን!" ብላ ወጣች።

ፕላሜን ያለ እኔም ድምፅ ገባ። ግን የትኛውም ወገን ብቻውን አብላጫ ድምፅ አልሞላለትም። የምክር ቤቱን ሰብሳቢ ለመምረጥ ስንት ጊዜ ተቀምጠው ስንት ጊዜ ተበተኑ መሰለሽ! ጠዋት አዲሶቹ ከገበሬዎቹ ፓርቲ ጋር ተስማሙ ይባላል፤ ማታ ገበሬዎቹ ወደ ከንቲባው ዞሩ ይባላል። ዳቦ ሻጯ "ምን ያንዛዛቸዋል? እኔ ባሌን የመረጥኩት አንድ ሠርግ ላይ ሲጨፍር አይቼ ነው" ስትል ወረፋው በሳቅ አለቀ። አንዱ ከኋላ "ለዚህ ነዋ እስካሁን የምትጸጸቺው!" አላት። በመጨረሻ የሆነውን ብነግርሽ አታምኚም፤ የከንቲባው ፓርቲና አዲሶቹ ራሳቸው ጥምረት ፈጠሩ! ፕላሜን በከንቲባው ሰዎች ድምፅ ምክትል ሰብሳቢ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ሲተቃቀፉ በቴሌቪዥን አየኋቸው። ከዚያም ወንዙ ዳር ካለው ምግብ ቤት አብረው ገቡ አሉ። የተጣሉት ታረቁ፤ ስለ እነሱ የተጣላነው ቀረን።

ዛሬ ስሙን የወረስኩት የቅዱስ ኒኮላ ቀን ነው፣ የእኔ የስም ቀን። ወጋችንን መቼም አልረሳሽውም፤ በስም ቀን ሰው አይጠራም፣ የወደደ ራሱ ይመጣል። እኔም ከዳኑብ የወጣ ትልቅ ዓሣ ገዝቼ፣ ሩዝና ለውዝ ሆዱ ውስጥ ሞልቼ ጋገርኩት። ጨዉን ቀነስኩት። ለማን ብዬ እንደቀነስኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ጠረጴዛውን አሰናድቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ኮቴው ወደ ላይኛው ፎቅ ያልፋል። በስቶይቾ ጊዜ ወንበር ከቶዶርካ ቤት እንዋስ አልነበር? ዛሬ የራሴም ወንበሮች በዝተውብኝ ሁለቱን ወደ ጓዳ አስገባኋቸው።

ቀትር ላይ ፕላሜን ብቻ መጣ፣ አበባ ይዞ። "እትዬ ኒኮሊና፣ እንኳን አደረሰሽ! እንግዲህ አሁን ሁላችንም አንድ ነን፣ ጥምረት ሆነናል!" አለኝ። "እናትህስ?" አልኩት። ጫማውን ጫማውን አየ። "እማዬማ 'ጥምረቱን የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ የፈረምኩት ነገር የለም' ትላለች።" አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ፣ ከዓሣው ቀመስ አድርጎ፣ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ሮጠ። ለእናቱ በሳህን ቆርጬ አስያዝኩት። የተረፈውን ብቻዬን ስበላው መሰንበቴ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ለባልሽ ለሚትኮ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሲጋራውን ይቀንስ። ልጅሽን ቦሪያናን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የአገሯን ቋንቋ እንዳትረሳ አንዳንዴም ተቆጫት። ያቺንም አሮጊት "ታላቅ እህቴ፣ ሌሊት ሌሊት ታስተኛት ብላለች" በያት። ፀሐይ ከበዛችባችሁ ለእኔ ትንሽ ላኩልኝ፤ እዚህ ጉሙ ከወንዙ ላይ አልነሳ ብሏል።

እህትሽ ኒኮሊና
ዳብራቫ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 2003

ፖስታውን ሳላሽገው ይህን ልጨምርልሽ። አሁን በሬ ተንኳኳ፤ ቶዶርካ ናት። ሳህኔን አጥባ፣ ባዶውን እንዳይመለስ ሁለት ፖም አድርጋበት መጣች። ከስታለች። ደጃፉ ላይ እንደቆመች "ዓሣሽ ጨው የለውም" አለችኝ። እኔ ሞኟ ደስታው አጣድፎኝ "ጨውማ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ነይ፣ ግቢ!" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። "በስም ቀን ሰው ይጠራል እንዴ ኒኮሊና? አሁን ጠራሽኝ፤ በምን ወግ ልግባ?" ብላ ሳህኑን አስታቀፈችኝና ዞረች። የራሷ በር ላይ ስትደርስ ፊቷን ሳትመልስ ቆም አለች። "የእኔ የስም ቀን ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው" አለች፤ "እኔ አልጠራሽም።"