የምድር ቤቱ ኃላፊ

ጥቅምት 6

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ነው የዋለው። የሆስፒታሉ አንሶላ በጋሪ መጣ። ደም የነካውን ለብቻ፣ ያልነካውን ለብቻ ለየሁ። ጓንቴን አውልቄ እጄን በሳሙና ፈትጌ ወጣሁ። ቤት ገብቼ ለልጄ ምን አልኳት? «ስብሰባ አድክሞኝ ነው።»

ስብሰባ!

ኃላፊ አይደለሁም። እዚህ እንኳ ልጻፈው። የምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ ከምድር ቤት ወጥቼ አላውቅም። «ኃላፊ ነኝ» ማለቱ በስልክ ነው የተጀመረው፣ ልጅቷ አገር ቤት ገና ተማሪ ሳለች፣ ጓደኞቿ ፊት እንዳታፍር ብዬ። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እውነቱን ታውቅ ነበር። «ሹመቱን ራስህ ሰጥተህ ራስህ ተቀበልክ?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ስትጨርስ ግን «ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሷም አረፈች… እሺታዬም በዚያው ቀረ።

አሁን ልጅቷ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ እኔ ጋ፣ ሰው አገር መጥታለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀጣሪ ካላገኘች የመቆያ ፈቃዷ አይታደስም። መመለስ ነው።

ጥቅምት 8

ሦስተኛው ቃለ መጠይቅ። መደብር ውስጥ ዕቃ መደርደር ነው ሥራው። ዲግሪ ይዛ… ግን ቋንቋቸው ገና አፏ ላይ አልተፈታም፣ ምን ታድርግ?

ስትገባ ፊቷን አይቼ ገባኝ።

«ቀጣሪው ምን አለሽ?»

«ሥራውን ትችያለሽ ወይ አለኝ። አንተ እንዳልከኝ አቀርቅሬ ‹እሞክራለሁ› አልኩት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ደግሞ ጠየቀኝ። ‹እግዚአብሔር ካለ› አልኩት። ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። እንድወጣ ነው እንጂ ለአክብሮት እንዳይመስልህ።»

እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሰው ራሱን አያሞግስም፣ ትልቅ ሰው ፊት ዓይን አይተከልም… ያደግሁበት ነው። ግን እዚህ አገር ሰው እንዴት እንደሚቀጠር እኔ ምን አውቃለሁ? እኔን ያስገባኝ አንሶላውን የሚያመላልሰው ሹፌር፣ ያገሬ ልጅ ነው፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ። ከዚያ ወዲህ የማወራው ከጋሪ ጋር ነው። እሷ ግን የኃላፊ ምክር መስሏት እንደ ወንጌል ያዘችው።

ሦስቱም ቦታ አቀረቀረች ማለት ነው? በእኔ ምክንያት?

ጥቅምት 10

ከምለይበት ጠረጴዛ ማዶ የምትሠራው ሴትዮ ወገቧ አላስችል ብሏት ሥራውን ተወች። አለቃችን ወደ ምድር ቤት ወረደች። በአፍም በእጅም አድርጋ ጠየቀችኝ፤ የማውቀው ሰው ካለ እንዳመጣ ነው። ይቺን እንኳ አልሳትኳትም።

«የለም» አልኩ።

አፌ ከየት አመጣው? ቋንቋ የማይጠይቅ ሥራ… ልጄ ነገውኑ ልትጀምር የምትችለው! ተምራ ተመርቃ የበሽተኛ አንሶላ አታገላብጥም ብዬ ነው? ወይስ እዚያ ቆሜ እንዳታየኝ?

ማታ ለጸሎት ተንበርክኬ መልሱን አወቅሁት። ላልጽፈው ነበር… ሁለተኛው ነው።

ጥቅምት 11

እራት ላይ።

«አባዬ፣ እናንተ ጋ እንዲያው ምንም የለም? ኃላፊ ሆነህ አንዲት ልጅህን ማስገባት ያቅትሃል?»

«ዘመድ ማስገባት ክልክል ነው።»

«ወይ ጻድቁ ኃላፊ!» አለችና ሳህኗን ይዛ ተነሣች። እንደ መቀለድ ብላ ነው የጀመረችው፤ ድምፅዋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

አንዱ ውሸት ሌላውን እየወለደ… ቆየት ብዬ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን እየጠረገች ነበር።

ጥቅምት 13

ሹፌሩ አንሶላ ሲያወርድ ባዶውን ቦታ አየና ነገር ጀመረ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ሥራ አጥታ እርስዎ ባዶ ቦታ ይጠብቃሉ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«እሺ፣ ዝም አልኩ። አለቃዋ ግን ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ልታመጣ ነው። ያን ጊዜ ልጅዎን አውሮፕላን ማረፊያ የማደርሰው እኔው ነኝ። በነፃ!»

እየሳቀ ሄደ። ቀልዱ አጥንቴ ድረስ ገባ።

ጥቅምት 14

አልነገርኳትም።

ጥቅምት 15

ዛሬ ማለዳ ጫማዬን እያሰርኩ… ካሰብኩት ቀድሞኝ ወጣ።

«ልጄ፣ ኃላፊ አይደለሁም። ምድር ቤት ነው የምውለው፣ የበሽተኛ አንሶላ እየለየሁ። አጠገቤ ቦታ ተከፍቷል። ሰሞኑን ሁሉ ደብቄሽ ነው።»

 በአንሶላው ነገር የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«አንሶላው ምን ያደርገኛል?» አለች። «ሦስቴ አቀረቀርኩ እኮ አባዬ! አባቴ ያውቃል ብዬ። አላውቅም ብትለኝ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስለ ክብሬ ስጨነቅ…

«ካልፈለግሽ አላስገድድሽም» አልኩ።

«ማን አልፈልግም አለ? ተነሥ፣ ሳይቀድሙን።»

መንገዱን ሁሉ ፊት ፊቴ ሄደች። ስንደርስ አለቃዋ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሌላ ሰው እያስጠራች ነበር። ደረስኩባት። «ልጄ ናት» አልኩ። «ያን ቀን የለም ያልኩሽ ዋሽቼ ነው» ለማለት ፈለግሁ፣ ቃሉን ግን ከየት ላምጣው? «እኔ ውሸት» አልኩ ደረቴን እየመታሁ። «እኔ ውሸት። እሷ ልጄ።»

አለቃዋ ስልኩን ዘጋች። አንዴ እኔን አንዴ ልጄን አየች። ከዚያ ልጄን ሥራውን ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ልመልስላት አፌን ስከፍት ልጄ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሴትዮዋን ዓይን ዓይኗን እያየች «እችላለሁ» አለቻት።

ጓንቱ ሰፋት። ቀኑን ሙሉ ከማዶዬ ቆማ ለየች። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ይበለኝ፣ ሥራዬ ነው። ነገም ላታየኝ ትችላለች…

ጌታ ሆይ፣ ነግሬያታለሁ።