የእማዬ ቁስል ጠገገ፣ ምስጢርህም ወጣ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ወረቀት ይዤ አልተቀመጥኩልህም። ምን ብዬ? ናፍቀኸኛል ለማለት ብቻ ወረቀት ማበላሸት አንተም አትወድም። ዛሬ ግን ወሬ አለኝ፣ አቦ፣ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። የእማዬ እግር ዳነ! ቁስሉ ጠገገ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ጫማዋን አድርጋ ከጓሮ እስከ ውጭ በር ድረስ ሄደች፣ ተመልሳም መጣች።

አሁን የምን ቁስል ነው የምታወሪው ማለትህ አይቀርም። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አምና ለበዓል ከታይዋን ገበያ ሽፍን ጫማ ገዛሁላት። እማዬን ታውቃታለህ፣ የተሰጣትን ነገር አታማም፤ ጠበበኝ አላለችም። ለካ የስኳር በሽታዋ እግሯን አደንዝዞት ኖሯል፣ ጫማው ሲልጣት አልተሰማትም። እኔ ነርሷ ልጅህ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ስፈትሽ የምውለው፣ የእናቴን እግር ያየሁት ከአውራ ጣቷ ሥር የአዝራር ያህል ከተቦረቦረ በኋላ ነው። አፈርኩ አባዬ።

እሷማ መች ታስነካኛለች? የድሬሰር ሚስት ነኝ አለች። አንተ በምድር ባቡር ክሊኒክ አርባ ዓመት የሰው ቁስል ስትጠርግ ስትኖር ሕግህ አንድ ነበር፤ ቁስል ይድረቅ። እሷም ሕግህን ይዛ ቁስሏን በጨው ውሃ ታጥበውና፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በዚያ በድሬ ቀትር እግሯን ግቢ ውስጥ እንደ በርበሬ ታሰጣዋለች። ማታ ደረቅ ጎዝ ታስርበታለች። ጠዋት ጎዙን ስትገነጥለው የበቀለችውን ሥጋ ይዞ ይነሳል። እንዲህ እያለ ቁስሉ የእንቁላል ያህል ሆነ። ሐኪማችን አይቶት፣ በወር ውስጥ ለውጥ ካላሳየ ሁለት ጣቶቿ ይቆረጣሉ፣ ከዚያ በላይ እንደማይሄድም ቃል አልገባም አለ። ቤት ስንገባ እማዬ ፎቶህን ከግድግዳው አውርዳ አቧራውን ስትጠርግ ዋለች።

ያኔ ነው ሐኪሙ አዲሱን የቁስል ማሸጊያ ያዘዘላት። ከምን የተሠራ መሰለህ? ከባህር አረም! ባህር ውስጥ የሚበቅል ቡናማ ቅጠል አለ፤ ከሱ የሚወጣውን ነገር እንደ ክር ይፈትሉታል። በእጅህ ስትነካው የተባዘተ ጥጥ ነው የሚመስለው። ቁስሉ ላይ ስታስቀምጠው ግን የሚወጣውን ፈሳሽ ይጠጣና እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ ይሆናል። ሥጋው ሳይደርቅ፣ በእርጥበቱ ውስጥ፣ አዲስ ቆዳ ከዳር እየተሳበ ይመጣል። ስትቀይረውም አትገነጥለውም፤ ውሃ ታፈስበታለህ፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። ብታይልኝ ምን አለ! ጅቡቲ ደርሰህ በተመለስክ ቁጥር የባህሩ ዳር የበሰበሰ አረም ይሸታል እያልክ አፍንጫህን ይዘህ ነበር የምታወራን። ያ የተጸየፍከው አረም የሚስትህን እግር ሊያድን ቤትህ ድረስ መጣልህ።

በሁለተኛው ቀን ግን ጉድ ፈላ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ እማዬ ፋሻውን ፈታችው። ያ ተልባ የመሰለው ነገር ቢጫ ሆኖ፣ ዝልግልግ ብሎ ተኝቷል። የድሬሰር ሚስት አይደለች? መግል ነው ብላ ደመደመች። ጎረቤታችንን ፋጡማን ጠርታ ሁለቱ ሆነው በጨው ውሃ ፈግፍገው አጠቡት። እኔ ስመጣ እግሯ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ቁስሉ ደምቷል፣ ፋጡማ ደግሞ አጥሩ ሥር ካለው እሬት ልትቆርጥ ቢላዋ ይዛለች። አለቀስኩ። ቀጥሎም ጮህኩባቸው፣ ይቅር በለኝ። እማዬ ግን ንቅንቅ አላለችም። አባትሽ ቢኖር ይህን እርጥብ ነገር አሽቀንጥሮ ይጥለው ነበር፣ ከፈለጉ ጣቴን ይቁረጡት እንጂ ያለሱ ሕግ አልታሰርም አለችኝ።

እና አደራህን አፈረስኩ።

መቼም አትረሳውም። አስር ዓመቴ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክሊኒክ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። አንዲት ሴት ከጀልዴሳ መጣች። ክንዷን የፈላ ውሃ አቃጥሏት፣ በተሰነጠቀ ቅጠል አስራዋለች። እኛ እሬት የምንለውን እሷ ሀርጊሳ ትለዋለች። አንተ ቁጣህን በአማርኛ ጀመርክ፣ በኦሮምኛ ቀጠልክ፣ የምድር ባቡር ሰው ነህና ሴትዮዋ በማትሰማው በፈረንሳይኛ ጨረስክ። ከዚያ በመቆንጠጫ ፒንሴትህ ቅጠሉን አነሳህ። ዝም አልክ። ከሥሩ ያለው ሥጋ ንጹህ ነበር፣ እርጥብ፣ ቀላ ያለ። ዙሪያውን ብቻ ጠረግክና ቅጠሉን መልሰህ በቦታው አስቀመጥከው፣ በላዩም ጎዝ ጠቀለልክበት። ለኔ ጎንበስ ብለህ ይህን ለእናትሽም እንዳትነግሪ አልከኝ። አለቃህ ቢሰማ የቅጠል ሐኪም ሆነ ብሎ መሳለቂያ ያደርግሃላ። በሳምንቱ ሴትዮዋ ስትመጣ ክንዷ ጠግጎ ነበር። አንተ ከዚያ በኋላም ቁስል ይድረቅ ማለትህን አልተውክም፣ እኔም ሠላሳ ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ።

ይህን ሁሉ ለእማዬ ነገርኳት።

"መልሶ አስቀመጠው?" አለችኝ።

"በገዛ እጁ" አልኳት።

"እንግዲያው እሰሪው" ብላ እግሯን ዘረጋችልኝ።

ፋጡማን ግን ቢላዋዋን አስጥያታለሁ። ከአጥር የተቆረጠ ቅጠል አቧራውንም ተባዩንም ይዞ ነው የሚመጣ፤ ከስኳር ሕመምተኛ እግር ጋር ቀልድ የለም። የኛው ከጀርም ጸድቶ የታሸገ ነው ብያት አኩርፋ ሄደች፣ በነጋታው ሾርባ ይዛ መጣች። ያንን ጫማ ጣልኩት። ስኳሯን በየቀኑ እለካላት ጀመር። እግሯ መሬት እንዳይረግጥም ያንተን ወንበር ሰጠኋት፤ ማንም እንዳይቀመጥበት ስታስከብረው የኖረችው ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ከረመች።

በየሳምንቱ ንጹህ፣ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ቁስሉ ላይ አስቀምጬ ቅርጹን ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ አነሳው ነበር። መጀመሪያ እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ባቄላ አከለ። ወሩ ሲሞላ ሐኪሙ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ላስቲክ አነባብሮ አያቸውና ስለ መቁረጥ ማውራቱን ተወ። ከዚያ ምስር አከለ። ዛሬ ጠዋት ላስቲኩን ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ፣ የማነሳው ነገር አጣሁ። አባዬ፣ ምንም የለም! ፋጡማ እልልታዋን ስታቀልጠው በራችን ላይ ሁለት ባጃጅ ቆመ፣ ሰርግ መስሏቸው። ባዶውን ላስቲክ ቀን ጽፌበት ከሌሎቹ ጋር መሳቢያህ ውስጥ፣ ፒንሴትህ አጠገብ አኖርኩት።

ሕግህን ሽሬዋለሁ፣ አንተን ግን አልረሳሁም። የሰው ቁስል በፈታሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ያ ሁሉ ቁጣህ አይደለም፤ ዝም ያልክባት ደቂቃ ነች። ዓይንህ ያየውን አምነህ ቅጠሉን የመለስክበት እጅህ ነው። እሱን እጅ እስክሞት አልረሳውም። ሥራ ለሚጀምሩት ነርሶችም ይህ ትምህርት ያንተ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ብትቆጣም።

የፊታችን እሑድ እማዬ መቃብርህ ዘንድ ትመጣለች። ከቤት በእግሬ ካልሄድኩ ብላ ነበር፣ ቆዳው ገና ለጋ ነው ብዬ በስንት ልመና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በባጃጅ ተስማማን። ከበሩ እስከ አንተ ድረስ ያለውን ግን በሁለት እግሯ፣ በአስሩም ጣቶቿ ልትመጣብህ ነው። ሠላሳ ዓመት ከሚስቱ የደበቀበትን ምክንያት ራሱ ይንገረኝ ብላለች። እንግዲህ ተዘጋጅ፣ እኔ የለሁበትም።

ልጅህ ዓለም