ሞተሩን የሚጠብቅ ሰው

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምናፍቅህ፣ አልፎ አልፎም ለምቆጣህ ታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ያቺ ጥርስ እያወጣች እንቅልፍ ነሳችን ያልከኝ ልጅህስ እንዴት ሆነች? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ አሁንም በየስልኩ ታስነጥሳለህ? ወገብህንስ እንዴት አደረገህ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ በምትሠራበት ቦታ አንድ ወንበር እንኳ አይሰጡህም? እኛ ተመስገን ነው፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቴን ትላለች እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ ይህ ወሬ ደግሞ ግማሹ ተውጦ ግማሹ የሚሰማ አይደለም። ሻይህን ይዘህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የምጽፍልህ ስለላክህልኝ ዕቃ ነው። ገጠምኩት! እኔ እህትህ፣ በገዛ እጄ፣ በራሳችን ግቢ ገጠምኩት። ጉራ ነው ካልክ አዎ፣ ጉራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ ካልጎረርኩ መቼ ልጎርር ነው?

ባለቤትህም ታንብበው፤ እሷ የቤታችንን ጉድ ስለማታውቅ ከሥሩ ልጀምርላት። የአባባ መኪና ከሞቀ በኋላ አንዴ ከጠፋ አይነሳም። ስለዚህ አይጠፋም። የትም ስንሄድ አንድ ሰው መሪው ላይ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ነዳጁ ላይ አድርጎ ሞተሩን ይጠብቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አባባ ናቸው። ሐኪም ቤት ስንሄድ እሳቸው ውጭ ናቸው። ሠርግ ስንጠራ ውጭ ናቸው። አንተ ከአገር የወጣህ ቀን እንኳ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ከመኪናው ሳይወርዱ ነው የሸኙህ። እኔ የተመረቅሁ ቀን እማዬ ከአዳራሹ እየሮጠች ወጥታ በመኪናው መስኮት «አሁን ስሟን ጠሩ!» ብላ ነግራቸው ተመለሰች። አባታችን ቀለም ቀቢ ናቸው፤ የዚህን ከተማ አዳራሽ ግማሹን ከውስጥ ቀብተውታል። እንግዳ ሆነው ግን በአንዱም ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም።

ዕቃውን ቶሎ ላክ ብዬ መድረሻ ያሳጣሁህም ለዚሁ ነው። የሁላችን ታናሽ ሚጡ ነርስ ሆና ልትመረቅ ነበር። «አባባ ሳያዩኝ ከተመረቅሁ እንዳልተመረቅሁ ቁጠሩት» ብላ አኩርፋ ሰነበተች። የቤታችን የመጨረሻ ምረቃ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመረቅ ልጅ ከየት ይመጣል? አሁን ካልገቡ መቼም አይገቡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጎን ክዳን ያለው ክብ ነገር አለ፤ በውስጡ ፑንቲና የምትባል ትንሽ ብረት እየተከፈተችና እየተዘጋች ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት ታከፋፍላለች። የአባባ ፑንቲና ተበልታ አልቃለች፣ መሃሉ ላይ ያለውም ዘንግ ይወዛወዛል፤ ሲሞቅ እሳቱ ይሰንፋል። አንተ የላክኸው ደግሞ በፑንቲናዋ ፋንታ የሚገጠም አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር፣ ማግኔት ያለባት ቀለበት፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ነው። የሚፋተግ የለ፣ የሚበላ የለ። ቀኑን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ስልክ ስፈታና ስገጥም ከምውልበት ሥራ ይህ አይከብድም ብዬ ደፈርኩ።

ያ ጎረቤታችን መካኒክ፣ አስር ቁጥር መፍቻ ሁልጊዜ እየጠፋበት ሰፈሩ «አስር ቁጥር» ብሎ የጠራው፣ ሥራውን ትቶ መጥቶ አጥራችን ላይ ተንጠለጠለ። «አንቺ፣ መኪና እኮ ነው፣ ስልክ መሰለሽ እንዴ? ይሄ ፕላስቲክሽ ሁለት ቀን አይሞላውም» አለኝ። ሙያ በልብ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

መቀጠሌ ጥሩ ነበር፣ መሳሳቴ ነው እንጂ የከፋው። ለካ ክዳኑን ሳነሳ የካንዴላዎቹን ገመዶች ምልክት ሳላደርግባቸው አንድ ላይ ነቅዬያቸዋለሁ። ስመልሳቸው በግምት ሰካኋቸው። ቁልፉን ሳዞር፣ ወንድምዬ፣ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና በጭስ ማውጫው «ዷ!» አለ። እማዬ ማማሰያ እንደያዘች ከኩሽና ወጣች። ሚጡ «ተቃጠለ!» እያለች ባልዲ ውሃ ይዛ መጣች፤ የደፋችው ግን እኔ ላይ ነው። አስር ቁጥር በሳቅ ሊሞት ደረሰ። አባባ ብቻ አልሳቁም። የሞተሩን ክዳን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ተይው ልጄ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። ያቺ «ለምጄዋለሁ» አንጀቴን በላችው።

ቀሚሴን ጨምቄ ተመለስኩ። አስር ቁጥርም ሰው ነውና፣ ሳቁ ሲወጣለት የገመዶቹን ተራ ነገረኝ፤ እኔም በሚጡ የጥፍር ቀለም እያንዳንዱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሚጡ «አዲስ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት። ከዚያ ቁልፉን ገና ነካ ሳደርገው ተነሳ። ማጉረምረም የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። አባባ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉና «ጠፋ እንዴ?» አሉ። አልጠፋም አባባ፣ እየሠራ ነው አልኳቸው። ቀና ብለው እንዴት አድርገው እንዳዩኝ ብታይ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ረዝሜ አላውቅም።

ገበያ ድረስ ነድተን፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አጠፋነው። ተነሳ። ደግመን አጠፋነው። ተነሳ። መንገደኛው አብደዋል ሳይለን አልቀረም። አስር ቁጥር በዚያው ዕለት ለሰፈሩ ሁሉ «እኔ ነኝ ያሳየኋት» ብሎ አወራ። ያውራ፤ እኔ እጄን አውቀዋለሁ።

በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። የት ያልቃል! በዚያው ሰሞን እማዬን ለጉልበቷ ሐኪም ቤት አደረስናት። አባባ ሞተሩን አጠፉ፤ ግን አልወረዱም። ጎንበስ ብዬ በመስኮት ባይ እግራቸው ነዳጁ ላይ ነው። የጠፋ ሞተር ይጠብቃሉ! እማዬ «የለመደች ጦጣ…» ብላ ጀምራ ዓይናቸውን ስታይ የቀረውን ዋጠችው። ለምን አይወርዱም ስላቸው «ምናልባት» አሉኝ። ምናልባት ምን? ሞተሩንስ ጠገንኩት፣ ባለቤቱን ምን ላድርጋቸው?

የምረቃው ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ሙሽራ መስለው ነበር። ጥፍራቸው ሥር ያለው ነጭ ቀለም ግን በጋዝም አልለቅ ብሏቸው መንገዱን ሁሉ እጃቸውን ሲሸሽጉ አይቻለሁ። አዳራሹ በር ላይ መኪናውን አቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ከዚያ «እናንተ ግቡ፣ ድምፅ ማጉያው እዚህ ድረስ ይሰማል» አሉ። ለመንኳቸው። እማዬ ተቆጣች። ወይ ፍንክች! ሰው ሁሉ አባቱን ይዞ በአጠገባችን ያልፋል። ሚጡ ጋዋኗን እየሰበሰበች በመሪው በኩል ዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ ልይዛት ስል እጇን በመስኮቱ ሰደደችና ቁልፉን መንጭቃ ኪሷ ከተተችው። «አባባ፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር መድረክ ላይ ይወጣል። ከፈለጉት ገብተው ይውሰዱት» ብላ ወደ ኋላ ሳታይ ገባች።

አባባ ባዶውን የቁልፍ ቀዳዳ አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና «ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ። እማዬ «የእርስዎ ናት፤ ግትርነቷን ከማን ልታመጣው ኖሯል?» አለቻቸው። በሩን ከፍተው ወረዱ።

በእኔና በእማዬ መሃል ተቀመጡ፣ ወንድሜ። አዳራሽ ውስጥ! መጀመሪያ ቀና ብለው ጣሪያውን መረመሩና «ያ ጥግ ሁለተኛ ቅብ ያንሰዋል፣ ማን ነው የቀባው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። የሚጡ ስም ሲጠራ ግን ጣሪያውንም ጥፍራቸውንም ረሱት። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ብቻቸውን ብድግ ብለው በእነዚያ እጆቻቸው አዳራሹ እስኪያስተጋባ አጨበጨቡ፤ «ልጄ ናት!» አሉ። ዞሮ ያላያቸው ሰው የለም። እኔ ማጨብጨብም አቃተኝ፤ በኩራት አለቀስኩ። ሚጡ መድረኩ ላይ ወረቀቷን ተቀብላ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ስታሳያቸው ደግሞ እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ስንወጣ መኪናው ገና ሲነካ ተነሳ። ጋቢና ማን ይቀመጥ ሲባል «የገጠመችው ትቀመጥ» ተብሎ እማዬ እንኳ ከኋላ ገባች። ይህንን ልብ አድርገህ አንብብልኝ፤ እማዬ ከኋላ!

እንግዲህ ሰላምታውን ልስጥህ። እማዬ ጉንጭህን ስማ፣ የሕፃኗን ፎቶ በትልቁ አድርገህ ላክ፣ በስልኩ ላይ አፍንጫዋ የማን እንደሆነ ሊለይልኝ አልቻለም ብላሃለች። ሚጡ የጥፍር ቀለሟን የምትከፍላት እኔ ሳልሆን አንተ ነህ ብላ ፈርዳለች፣ ደግሞም ናፍቃሃለች፣ አፍ አውጥታ ባትልም። አስር ቁጥር እጅ ነስቶ፣ እንደዚያ ያለ ዕቃ ለእሱም እንድትልክለት ይለምንሃል፤ ሁለት ቀን አይሞላውም ያለው ሰውዬ! ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ የልጅህን ድድ በቀዝቃዛ ማንኪያ እሽላት፣ ያስታግስላታል።

አባባ ስጽፍ አይተው መጥተው አጠገቤ ቆመዋል። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ፤ «የሄደ ቀን ከመኪናው ያልወረድኩት ሞተሩ እንዳይጠፋ ብዬ እንዳይመስለው። ወርጄ ብጨብጠው እጁን እንደማልለቅ አውቄ ነው። ሲመጣ ግን ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አንድም ቃል እንዳትቀንሺ» አሉኝ። አልቀነስኩም።

ታላቅ እህትህ
ከቤታችን፣ ከበረንዳው ላይ
እሑድ፣ ሐምሌ 6 ቀን