በሙዳይሽ የተገኘችው እፍኝ ገብስ

እማ፤

ይህችን ቃል ላንቺ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ በአፌም ብዬሽ አላውቅ። በሕይወት ሳለሽ «እትዬ አንጓች» ነበር የምልሽ፣ ሰው የጎረቤቱን ሴት እንደሚጠራ። ከተለየሽን እነሆ ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥቼ ከስማዳ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተመለስኩ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው፤ ስምንቱንም ቀን ክው እንዳልኩ አለሁ። ወጥ እያማሰልኩ ማማሰያውን ይዤ እቆማለሁ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ እንስራውን ቤት ረስቼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ቢቸግረው የደንበኞቹን የልብስ ልክ ከሚጽፍበት ደብተር ወረቀት ገንጥሎ ከእርሳስ ጋር ሰጠኝና፣ ለእኔ ከምትነግሪኝ ለእሷው ንገሪያት ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነውና ጽሕፈቴ ቢወላገድ ጥፋቱ የመምህሩ ነው።

መጀመሪያ የቤትሽን ልንገርሽ፤ ዘልዬው ብሄድ «ሥራ የማታውቅ» ትዪኛለሽ። ጣሪያው ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ ነበር፣ በአዲስ ሣር አስከድኜዋለሁ። መሬቱን ለእኩል የሰጠሁት ሰው ደህና አራሽ ነው፤ የላይኛው ማሳ ገብስ ዘንድሮ አንገቱን ደፍቶ አይቼዋለሁ። ዳልቻው በሬሽ አርጅቷል፣ ቀንበር አይችልም፤ እንዳይታረድ ግን ብያለሁ። የጓሮው ጌሾ ያለ ማንም ኮትኳች ከአጥሩ በልጧል። ለሙት ዓመትሽ ጠላው አነሰ ብለው የሚያሙኝ እንዳሉም ሰምቻለሁ። ይሙኝ። አንቺ ብትኖሪ አንቺም ታሚኝ ነበር።

አሁን እውነቱን ልናገር። ስትሞቺ አላለቀስኩም። አልቃሿ ስምሽን እየጠራች ሰዉን ስታስለቅስ እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ መሬት መሬት አይ ነበር። ሰዉ ኀዘን አደረቃት አለ። ኀዘን አልነበረም፣ ሆዴ ባዶ ነበር።

ምን ብዬ ላልቅስ? አንቺ ለእኔ ያወጣሽልኝ ስም «ጥራጊ» ነበር። ጥራጊ፣ ከቤት ተጠርጎ ውጪ የሚጣለው። እንግዳ ገብቶ «ታድለሽ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት» ሲልሽ፣ ምራቅሽን እንትፍ ብለሽ «አትዩአት፣ ጥራጊ ናት» ትዪ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ቅቤ እየቀባሽ ሹሩባ ስትሠሪ የእኔን ፀጉር ነክተሽው አታውቂም፤ ለእሱ ወደ እትዬ ዘነቡ ትሰጂኝ ነበር። ከአጥር ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን፣ እሷን ነበር «እማ» እንድል የታዘዝኩት። አንድ ቀን ተሳስቼ አንቺን «እማ» ብልሽ አፌን በመዳፍሽ ገጥመሽ ወደ ደጅ አስወጣሽኝ። ኩፍኝ በያዘኝ ጊዜ ብቻዬን መደብ ላይ አስተኝተሽ፣ አንቺ በሩ ላይ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ተቀመጥሽ። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባሽን ሳይ ሰነበትኩ። ስዳርም፣ እንደ ወጉ ጉልበትሽን ልስም ዝቅ ስል፣ ጉልበትሽን ወዲያ ሰብስበሽ ሸሸግሽብኝ። ሚዜዎቹ እንዳላዩ ሆኑ። እኔ በቅሎ ላይ ተቀምጬ ከስማዳ እስከ መካነ ኢየሱስ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ሄድኩ፦ ምን አጠፋሁ?

አማቴ «ይህ የሰው ስም አይደለም» ብለው ደስታ አሉኝ። እሺ ብዬ ተጠራሁበት።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልምጣ። የሙት ዓመትሽ ዕለት ቄሶቹ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ሰዉም በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ ከእትዬ ዘነቡ ጋር ዕቃሽን ማሰናዳት ጀመርን። እትዬ ዘነቡን ታውቂያታለሽ፤ ወገቧ ቢጎብጥም አፏ አልጎበጠም። ሙዳይሽን ስከፍት ድሪሽን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ያገኘሁት የተቋጠረች ቁራጭ ነጠላ ነው። ስፈታት እፍኝ የምትሆን ገብስ። ዘር አስቀምጣ ረስታዋለች ብዬ በሩ ላይ ለሚጭሩት ዶሮዎች ልበትነው እጄን ስዘረጋ፣ ያቺ አሮጊት እንዴት እንደተነሳች ሳላያት እጄን ከነገብሱ ጨምቃ ያዘችኝ።

«ተይ፣ እሱ ያንቺ ዋጋ ነው» አለችኝ።

ያበደች መሰለኝ። አስቀምጣ ነገረችኝ። ከእኔ በፊት አራት ወልደሽ አራቱንም ቀብረሻል አለችኝ። ከእኔ በፊት ልጅ እንደሞተብሽ እሰማ ነበር፤ አራት መሆናቸውን ግን የነገረኝ የለም። እኔ ስወለድ አንድ ደብተራ ዘንድ ሄድሽ። እሱም ይህችን ሞት እንዳያይብሽ የሰው አድርጊያት፣ ሽጫት፣ ልጄ አትበያት፣ አትሳሚያት፣ በስሟ አትጥሪያት፣ የወተት ጥርሷን ነቅላ ሰባት ዓመት እስክትሞላ ድረስ አለሽ። ክርስትና በተነሳሁ ማግስት በአጥሩ ላይ አሻግረሽ ለእትዬ ዘነቡ ሸጥሽኝ፤ እሷም እፍኝ ገብስ ሰጥታ ገዛችኝ። በሰባተኛው ዓመት ያንኑ ያህል ገብስ ይዘሽ ሄደሽ፣ መልሰሽ ገዝተሽ፣ በስሜ ጠርተሽ ልትስሚኝ ነበር ውሉ። እትዬ ዘነቡም አንቺ በሕይወት እስካለሽ ትንፍሽ ላትል ምላልሽ ነበር።

ልጅ መሸጥ በአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ስንት ቤት የተሸጠ ልጅ አለ፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን በእልልታ ተገዝቶ ይመለሳል። እኔን የመለሰኝ ስለሌለ መሸጤ በሐሳቤም አልመጣም።

ሰባት ዓመቴ ደረሰ። በዚያ መኸር ገብሱን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድሽ አሉ። ቁጭ ብለሽ ዋልሽ። ከዚያ «ዘንድሮ ኩፍኝ ገብቷል፣ ትንሽ ትቆይ» ብለሽ ቋጠሮሽን ይዘሽ ተመለስሽ። በከርሞውም ሄድሽ፤ ፈንጣጣ ወገዳ ገበያ ድረስ መጥቷል ተብሎ ነበርና ተመለስሽ። በሌላው ዓመት በአገሩ ምንም በሽታ አልነበረም። ያኔም እንዲህ ጸጥ ሲል ነው የሚያስፈራኝ ብለሽ ተመለስሽ። ሃያ መኸር፣ እማ። ከተዳርኩ በኋላ እንኳ፣ ወልጄ ካሳየሁሽ በኋላ እንኳ፣ ገብሱን በየዓመቱ እያደስሽ ትሄጂ ነበር። እኔ ለዶሮ ልበትነው የነበረው ገብስ ነቀዝ ያልነካው፣ ከሞትሽበት ዓመት አውድማ የተነሳ ነበር።

ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ዘነቡ ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ መሰለኝ፣ በደንብ አላስታውስም። ያ ሦስት ቀን ያየሁት ጀርባ ሞት እንዳይገባ በር ላይ የተቀመጠ ጀርባ ኖሯል። ያን ሦስት ቀን እህል ውሃ በአፍሽ አልዞረም ነበር አለችኝ። ጉልበትሽን የሸሸግሽብኝ ዕለትም፣ እኔ በቅሎ ላይ ስወጣ አንቺ ጋጣ ገብተሽ ከጥጆቹ መሃል በግንባርሽ ተደፍተሽ ነበር አሉ። እኔ ደግሞ ልትሸኘኝ እንኳ አልወጣችም ብዬ ቂም ይዤ ሄድኩ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው፣ ገብስ ሲወቃ ቀትር ላይ አውድማው ዳር ገለባ ላይ ጋደም ብዬ የተኛሁ አስመሰልኩ። የሆነ እጅ መጥቶ ፀጉሬን አንዴ ዳሰሰኝ። ዓይኔን ብገልጥ ይሄዳል ብዬ ጨፍኜ ቀረሁ። የእትዬ ዘነቡ እጅ ነው ስል ኖሬአለሁ። አሁን ብጠይቃት እኔ አይደለሁም አለችኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ተቆጥቻለሁ። ስምንት ቀን ሙሉ ከምድጃው ጋር፣ ከድስቱ ጋር ስጣላ ነው የሰነበትኩት። ፍቅርሽ እንዲህ ከሆነ ጥላቻሽ ምን ሊሆን ኖሯል? ሰባቱ ዓመት ይሁን፣ አራት የቀበረች ሴት ምን ታድርግ። የቀረውን ሃያ ማን አዘዘሽ? ደብተራው እንኳ ያን ያህል አልጨከነም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እያልሽ የጎረቤት ባልና ሚስት ስታስታርቂ የኖርሽ ሴት፣ ለራስሽ ጊዜ እንዴት ጠፋሽ? ከሞት አተረፍሽኝ፣ እሺ። የተረፍኩት ግን ሰው እንደማይወደኝ እያወቅኩ ነው። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ደብተራውን ረገሙና ላንቺ ጸሎት፣ ለእኔ ስግደት አዘዙ። ጥፋቱ የእናንተ ሆኖ ስግደቱ ለእኔ መድረሱ ይገርመኛል።

ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ትርንጎ አምስት ዓመቷ ነው፤ ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን እንኳ ስሜያት አላውቅም ነበር። እጄ ያጥባታል፣ ያጎርሳታል፤ ከንፈሬ ግን እምቢ ይላል። አባቷ እየሳመ ሲያስቃት እኔ የሌለ ሥራ እፈልጋለሁ። ተፈጥሮዬ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር። ባለፈው ክረምት ሽሮ ያለበትን ቅል ስትደፋብኝ «አንቺ ጥራጊ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ድምፁ ያንቺ ነበር። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሄዳ ከጎታው ኋላ ቆመች፣ ልክ እኔ በልጅነቴ እቆም እንደነበረው። እኔ ለእሷ የሚያስፈራኝ ሞት እንኳ የለም፤ ከመንግሥት የመጡት ከታቢዎች ክንዷን ወግተዋታል፣ ፈንጣጣ አይደፍራትም። የታዘዝኩት ነገር የለም። ያንቺን ትእዛዝ ሳላውቀው እየፈጸምኩ ኖሬአለሁ።

እትዬ ዘነቡ ነግራኝ ስታበቃ መዳፏን ዘረጋችልኝ። አደራዋን ሳልመልስ ብሞት ምን እላታለሁ አለችኝ። መግዛት የነበረባት እናት ናት፣ እናት ደግሞ አፈር ገብታለች። ጥቂቱ በጣቶቼ መሃል መሬት ፈሰሰ፣ የቀረውን አስጨበጥኳት። ተቀብላ ለማን እንደምትናገር ግራ ገባት። ግራና ቀኝ አየች። ኋላ ወደ ባዶው መደብሽ ዞራ፦

«አንጓች፣ ልጅሽን ውሰጂ። ኑሪልኝን ውሰጂ» አለች።

ስም ነበረኝ ለካ። ገና በሆድሽ ሳለሁ ያወጣሽልኝ፣ ለእትዬ ዘነቡ በጆሮዋ ብቻ የነገርሻት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ማንም ያልተጠራበት ስም። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ዓመት ሙሉ የቀረብሽን ልቅሶ ሁሉ በአንዴ ስለቀው፣ ታች ሰፈር ያሉት ሌላ ሰው ሞተ ብለው እየሮጡ መጡ። እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ የምታለቅሰው አንጓችን ነው፣ ዛሬ ነው የሞተችባት ብላ መለሰቻቸው።

ትርንጎም ከደጅ ሰምታ መጥታ በሩ ሥር ቆማ ታየኝ ነበር። ተነስቼ ሄድኩ፣ ተንበርክኬ ጉንጯን ሳምኳት። አላውቅበትም፣ አፍንጫዬ አፍንጫዋን ገጨው። ልጅቷ ድርቅ አለች። ዓይን ዓይኔን አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

እማ፣ ያንቺን ታሪክ ስሰማ ደነገጥኩ ያልኩት ውሸቴን ነው። ድንጋጤ ማለት ይሄ ነበር። ምንም እንዳላጠፋች ነገርኳት። አላመነችኝም፣ ደግሜ ነገርኳት። በማግስቱ በቅሎዋ ላይ ከፊቴ አስቀምጬ ሁለት ቀን መንገድ ይህንኑ እየነገርኳት መጣሁ። አሁንም ስስማት ትከሻዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። ዛሬ ጠዋት ግን ፊቷን ሳጥባት ሳልጠይቃት ጉንጯን አዞረችልኝ፣ ፊቷ ገና በውሃ እንደራሰ። ሳምኳትና ወደ ጉዳይዋ ሄደች።

አልረሳሽም። ሰው የሞተበትን ሲያነሳ ደግ ደጉን ይመርጣል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ነው የማነሳው፣ ገብሱንም «ጥራጊ»ንም፣ ጀርባሽንም አውድማው ላይ የዳሰሰኝን እጅም። ትርንጎ ስታድግ አያቷ ማን እንደነበረች ሳልቀንስ ሳልጨምር እነግራታለሁ። በየመኸሩ ገብስ ሲገባ አስብሻለሁ። ቋጥሬ የማስቀምጠው ግን አይኖርም።

ሃያ ሰባት ዓመት በልብሽ ይዘሽው የኖርሽውን ስም ይኸው እኔ ጻፍኩልሽ።

ልጅሽ
ኑሪልኝ