የሂላል ክንድ፣ የፋኪ እግር

ለታላቅ እህቴ ለዙዌና ሐማድ፣ ሙስካት።

አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ መውጣት ቻልሽ ወይስ አሁንም ምድር ቤት ነው የምትተኚው? ሳዒድ የልብ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል? ራያ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አገኘች? የሕፃኑስ ሳል ተሻለው? እናንተስ ብትዪ፣ አልሐምዱሊላህ ለማለት እጄ ይከብደኛል፤ እንዳልል ደግሞ እናታችን እንዲያ አላሳደገችንም። ስለዚህ አልሐምዱሊላህ። ታናሽ ወንድማችን ፋኪ በሕይወት አለ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ልጅሽ ሂላልም ጤነኛ ነው፣ ከቀኝ ክንዱ በቀር። ክንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። «ምባሩክ፣ አንድ ወንድ ልጄን በፈረንጆች ፊት እንደ ሌባ ቀጠቀጥከው። ወይ እግሩ ላይ ወድቀህ ይቅርታ ለምነው፣ ወይ እህት አለኝ አትበል» ብለሻል። መካከል ላይ ያለውን ልቅሶሽ ስለዋጠው አልለየሁትም፤ ይህን ግን አጥርቼ ሰምቻለሁ። ያልደወልኩልሽ ስልክ ላይ ስለምጮህ ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን ከመጀመሪያው፣ በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ። ላንቺ የነገሩሽ ሰዎች ጭራውን ብቻ ይዘው ነው የሮጡት።

ሂላል አምና ካንቺ ዘንድ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ዛንዚባር ከተማ በእንግዳ ተጨናንቃለች፣ አሁን እንግዳው የሚፈልገው ማንም ያልረገጠውን ቦታ ነው፣ ፔምባን ደግሞ የሚያውቃት የለም አለ። እውነቱን ነው። እኔ ዘንድ መጥቶ «አጎቴ፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚያሳዩት ያንኑ አንድ የባሕር ዳርቻ ነው። አንተ የደሴቷን ጓዳ ጎድጓዳ ታውቃለህ፤ ጻፍልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሰው እሱ ነበር።

ሁለት ወር ዞሬ አሥራ አራት ቦታ ጻፍኩለት። ባሕር ውስጥ በበቀለው የማንግሮቭ ደን መካከል በታንኳ የሚኬድበትን ቦይ፣ ባሕሩ ሞልቶ ለሦስት ሰዓት ብቻ እንደሚያሳልፍ። ከመቃብሩ ኋላ ባሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ተዘቅዝቀው የሚውሉትን ትልልቅ የሌሊት ወፎች፣ ከሥራቸው ቆሞ ማጨብጨብ ነውር እንደሆነ። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ብቅ የምትለውን የአሸዋ ደሴት፣ በስንት ሰዓት ተነሥተው መመለስ እንዳለባቸው። የኮራሉ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ቁልቁል የሚወርድበትን የዋና ቦታ፣ ከግድግዳው ወዲያ ውኃው ሰውን ወዴት እንደሚጎትት። ርቀቱን በእርምጃ ለክቼ፣ ጥልቀቱን በገመድ ለክቼ ነው የጻፍኩት። አንድ እንግዳ እንኳ ተረከዙ እንዳይቧጨር አድርጌ።

እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህ ደብዳቤ ስለ ዝናብ ይሆን ነበር። አሥራ አምስተኛውን የጨመርኩት በኩራት ነው፤ የበሬውን ጨዋታ፣ በሬው ጉቶ ላይ በዞረ ረጅም ገመድ ተይዞ ሰው ፊቱ እየተጫወተ የሚያስቆጣውን። ከሥሩ አራት ደንብ አሰፈርኩ። ገመዱ የኮኮናት ቃጫ ይሁን። ሦስት ሰው ይያዘው፣ አንዱ ጉቶው ላይ ያዙረው። እንግዳ ሜዳውን ከከበበው የአፈር ክምር ወዲህ አይለፍ። ፎቶ ለማንሣት ተብሎ ምንም ነገር አይለወጥ። ልጅሽ አሥራ አምስተኛውን ወሰደና አራቱን ደንብ ጣለ።

ሰባት እንግዶች መጡ። ከእነሱ አንዲቱ ሴትዮ ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀደም ብላ በሬውን በታሰረበት አየችው። ቱፋኒ ይባላል፣ የሽማግሌው የኮምቦ በሬ ነው። ቃጫው ደረቱን ልጦት ስላየች አለቀሰች። ሂላልም ወደብ ወርዶ ለጀልባ የሚሸጠውን ሰማያዊ የናይለን ገመድ ገዛ፤ ለስላሳ፣ አብረቅራቂ፣ ፎቶ ላይ የሚያምር። ለበሬው አዝኖ ነው። ይህን ልብ በዪልኝ፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ፌብሩዋሪ አራት ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት ሶላት በኋላ መንደሩ ሁሉ ወጣ። ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ ጉቶውን የሚይዘው የኛ ቤት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እኔ ቆምኩ። ገመዱን እጄ ላይ ሲያደርጉት ዓሣ የጨበጥኩ መሰለኝ። ቃጫ እንጨት ይነክሳል፤ ይህ ግን የሚነክስበት ጥርስ የለውም። «ይህ ይንሸራተታል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሂላል ጠጋ አለና ጥርሱን እያሳየ በጆሮዬ «አጎቴ በአላህ፣ በእንግዳ ፊት አታዋርደኝ። እየቀረጹ ነው፣ ፈገግ በል» አለኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። በእንግዳ ፊት ድምፅ ከፍ ማድረግ ነውር ነው ተብለን አድገን የለ! አንዲት ኬንትሮስ የተሳሳተ ተማሪ የምጥል ሰው ፈገግ አልኩ።

ፋኪ ሜዳው ውስጥ ገባ። የሚስቱን ቀይ የካንጋ ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠምጥሟል። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ከዳር ሆነው በዘፈን ይነቁሩታል፣ «ፋኪ የፈራኸው በሬውን ነው ሚስትህን?» እያሉ። እሱም ወደ በሬው ዞሮ «ና አንተ ሥጋ ቤት የረሳህ! ና እንጂ፣ አማቴ እንኳ ካንተ ትፈጥናለች!» ይላል። አማቱ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ገመዱን እንደ ተማሪ ጆሮ ያዝልኝ!» ብሎ ጮኸ። ቀጥ ብሎ ቆሞ የተናገረው የመጨረሻ ነገር ይህ ነው።

ሁለት ጊዜ በሬው መጣ፣ ሁለት ጊዜ ያዝነው። በሦስተኛው ፋኪ ገመዱ ከሚደርስበት አንድ ክንድ አልፎ ቆሟል፤ ዘወትር እንደሚያደርገው፣ ገመዱ እንደሚይዝለት አምኖ። በሬው ተወረወረ። ናይለኑ ጉቶው ላይ እየጮኸ አለፈ። የመዳፌን ቆዳ ይዞት ሄደ፤ ከኋላዬ የነበሩት ሁለቱም ለቀቁ። ቀንዱ ፋኪን ከቀኝ ጉልበቱ በላይ ገባበትና እስከ ብሽሽቱ ድረስ ተረተረው። ራሱን ወደ ላይ ሲያነሣ ወንድማችን ቀንዱ ላይ ነበር እትዬ። እንደ እርጥብ ልብስ አራገፈው። መሬት ላይ ጥሎት ተመለሰና ጉልበቱን ረገጠው፣ ደግሞ ረገጠው። ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ። የጨዋታው ክፍል መስሎት ነው።

ሽማግሌው ኮምቦ በሰባ ሁለት ዓመቱ ገጀራ ይዞ ሮጠ። የገዛ በሬውን የኋላ ጅማት ቆረጠው፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። በሬው ተቀምጦ እንኳ መውጋቱን አልተወም፤ ኮምቦ አንገቱን እስኪያገኝ ድረስ አምስት ጊዜ መታው። አምስቱንም ጊዜ ስሙን እየጠራ ነው። ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። እኔ በተላጠ እጄ ያንን ቀይ ካንጋ የፋኪ ጭን ላይ እያሰርኩ ነው። ደሙ በጣቶቼ መካከል ይገፋኛል፤ ሙቅ ነው፣ ጉልበት አለው።

በዚህ መካከል የልጅሽን ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዬ ቆሞ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። «አይዟችሁ፣ ጨዋታው አደገኛ አይደለም፣ ሰውየው ጠጥቶ ነው የገባው» ይላል። ፋኪ! ከእናታችን ጡት ወዲህ ውኃ፣ ሻይና የኮኮናት ውኃ እንጂ ሌላ ነገር በአፉ ዞሮ የማያውቀው ፋኪ። ጭኑን ለኮምቦ ልጅ አስያዝኩና ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ምት አፉ ላይ ነው፤ ሁለት ጥርሱ ተነቀለ። ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ ነው፤ ወደቀ። ሦስተኛው ከወደቀ በኋላ ነው፣ በእጄም አይደለም። ከአጥሩ የተነቀለ እንጨት አነሣሁ። ፊቱን ሊሸፍን ክንዱን ዘረጋ፤ ክንዱን አገኘሁት። ደረቅ የቅርንፉድ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ታውቂዋለሽ። ያንን ሰማሁ፤ ደስም አለኝ። አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። ኮምቦ ባይይዘኝ አራተኛ ይኖር ነበር፣ አራተኛው ደግሞ ራሱ ላይ ነበር።

የፋኪን እግር ሐኪሞቹ ሊያተርፉት ሦስት ቀን ታገሉ። በአራተኛው ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቅርንፉድ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያድር የሚመስለው ሰው ከእንግዲህ መሬት የወደቀውን ነው የሚለቅመው።

አሁን የመንደሩ ሹም አንድ ወረቀት ይዞ ይዞራል። «የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ፤ ሂላል ስለ ክንዱ አይክሰስ፣ እናንተም ስለ ገመዱ ዝም በሉ፣ በሬው ገመድ በጥሶ አደጋ አደረሰ ተብሎ ይፈረምና ይለቅ» ይላል። እትዬ፣ ገመዱ አልተበጠሰም። ሄጄ ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ዳስሼዋለሁ፣ አንድ ክር አልጎደለበትም። ከኛ ማዶ ያለው መንደር ለመጪው ወር ጨዋታ ያንኑ ሰማያዊ ገመድ ገዝቷል፤ እንግዶቹ ወደዱት ተብሎ። ይንሸራተታል ብዬ ብነግራቸው «መምህር፣ የናንተው እኮ ስለተበጠሰ ነው፣ እኛ ወፈር ያለውን ነው የገዛነው» አሉኝ። ውሸቱ ሳይፈረም እንዲህ ካሰናከለ፣ ከተፈረመ የሚገድለውን ሰው ስም ከአሁኑ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ሁሉንም አስተምሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ ማክሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃል የተቀበለኝ ልጅ ተማሪዬ ነበር። በመጀመሪያ በራሴ ላይ አስመዘገብኩ። «መምህር፣ ሦስተኛውን ምት ብንተወውስ? የቆጠረ ሰው የለም» አለኝ። «እኔ ቆጥሬያለሁ፣ ጻፍ» አልኩት። ከዚያ ገመዱን አስጻፍኩ። ከዚያ እንደሚንሸራተት እያወቅሁ ፈገግ ብዬ መያዜን አስጻፍኩ። ማርች ስድስት፣ ሰኞ፣ ፍርድ ቤት እንቀርባለን፣ እኔም ሂላልም።

ሂላል ትናንት ሆስፒታል መጣ። በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። ፋኪ አየውና «ግባ አንተ የእንግዶች ንጉሥ፣ በር ከፍተህ ዝንብ አታስገባብኝ» አለው። ልጁ የአልጋውን ብረት ይዞ አለቀሰ። ፋኪ ተወውና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ በኔ እግር የምትጣሉ ከሆነ ቶሎ በሉ፣ አንድ ነው የቀረኝ» አለኝ። እኔም እዚያው የምችለውን አደረግሁ። ስለ ሁለቱ ምት ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። ስለ ሦስተኛው ግን ዓይኑን እያየሁ ይቅር በለኝ አልኩት። የአልጋውን ብረት ለቀቀና ወጣ።

የችሎቱ ሰኞ ምን እንደሚል ገና አልወሰነም። ያ የሹሙ ወረቀት በኪሱ ነው፣ ሲያወጣ ሲያስገባ አየዋለሁ። ከፈረመው የኔ ቃል የተናደደ አጎት ቃል ሆኖ ይቀራል። እኔን አይሰማኝም፣ ለምን ይሰማኛል? የሚሰማው አንቺን ነው። ጠበቃ ልላክ እንዳትዪ። ደውዪለትና ገመዱ አልተበጠሰም በል በዪው፤ ፋኪ አልጠጣም በል በዪው። እኔን ያሻሽን ያህል እርገሚኝ፣ ወንድም የለኝም በዪ፤ ይህን ብቻ በዪው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ቢ ሸምሳ ናት፣ እሁድ ትበራለች። ሳዒድን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ። ራያን፣ ያላየሁትን ሕፃኗንም ሳሚልኝ። ለአማትሽ ዱዓ እንዲያደርጉልን ንገሪያቸው። ከዚህ ፋኪ ሰላም ብሎሻል፣ ሚስቱም፣ አማቱም፤ አማቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቀችም። ሽማግሌው ኮምቦ ሰላም ብሎሻል፤ ሌላ በሬ አልይዝም ብሏል። ሂላልም ሰላም ብሎሻል። ቀኝ እጁ እስከ ጣቶቹ በጀሶ ነው፤ በግራው ደግሞ እንዳይበላ አንቺ ነሽ ያሳደግሽው። ዛሬም በአንድ ጣሪያ ሥር ነን፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሆስፒታል ስለሚውል ምሳ ላይ የምንገኘው እኔና እሱ ብቻ ነን። ስለዚህ ሩዙን የማጎርሰው እኔ ነኝ። ቃል አንነጋገርም፤ አፉን ግን ይከፍታል።

ወንድምሽ ምባሩክ ሐማድ
ምዌንጄኒ፣ ፔምባ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2017