የማይከፈቱት የሐሙስ ቅጂዎች

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ዛሬም ጉም። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ እየደነዘዘ ሠራሁ። ጠዋት የፕሪንተር ቀለም፣ ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር አልነሣም አለ… መሰኪያው ተነቅሎ ኖሯል። የድርጅቱ የአይቲ ባለሙያ ሰብሪና በሽር ማለት ይቺ ናት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ንጋቷ መጡ። ከተፈናቃዮች መጠለያው፣ በእግራቸው፣ በዚያ ጭቃ። ባላቸው ጋሽ ገዛኸኝ የካቲት ላይ ነው ያረፉት። ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ። "ልጄ፣ የሱን ቅጂ እዚች ላይ ጫኚልኝ።" ሐምሌ ላይ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ከወለጋ ሲፈናቀሉ የመሬት ወረቀታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ያላቸውን ማስረጃ ያቀርባሉ። እትዬ ንጋቷ ያላቸው ባላቸው ከመሞታቸው በፊት በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሰጡት ቃል ነው። ሌላ ምንም የላቸውም።

ጫንኩላቸው። አልከፈት አለ። በእኔም ስልክ አልከፈት አለ።

"ተበላሽቷል?" አሉኝ።

አልተበላሸም። እንዴት ብዬ ላስረዳ? የስብሰባው አፕ ቅጂውን በራሱ ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው፤ ከራሱ ማጫወቻ በቀር የሚከፍተው የለም። "አስተካክለዋለሁ" ብዬ ሸኘኋቸው።

ሰኔ 10

ሳስበው ዋልኩ። ተናደድኩ።

ዓመቱን ሙሉ በየሐሙሱ ሰው ሰበሰብን። እዚህ ስክሪኑ ፊት ባለመሬቱ ይቀመጣል፤ አረርቲ ባለው ስክሪን ፊት ደግሞ እዚያ የተጠጉት የድሮ ጎረቤቶቹ። ባለመሬቱ "በምሥራቅ እገሌ፣ በሰሜን እገሌ" እያለ አዋሳኞቹን ይጠራል። የተጠራው ከወዲያ ማዶ ተነሥቶ ባርኔጣውን ያወልቅና "እውነት ነው፣ አዋሳኙ ነኝ" ይላል። በነሱ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። አዋሳኝ ከመሰከረ አለቀ።

ሁሉንም ቀዳን። ለማን ነው የቀዳነው? ለኛ ላፕቶፕ?

ሰኔ 11

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። አቶ ቴዎፍሎስ። ነገሩን አስረዳሁት፦ ቅጂዎቹ ወደ ኤምፒፎር መቀየር አለባቸው፣ ያኔ በየትኛውም ስልክ ይከፈታሉ። የሚቀይራቸው ያው የአፑ ማጫወቻ ነው። ሁለት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ለመቀየርም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የአፑ አካውንት ከተዘጋ ማጫወቻውም ይዘጋል፤ ቅጂው ሐርድ ዲስክ ላይ እያለ ሙት ነው።

"ጎበዝ" አለ። "መጀመሪያ ግን የመክፈቻ ንግግሮቹን ቀይሪ። ለዓመታዊው ሪፖርት ይፈለጋሉ።"

"የመጠለያው ሰዎች ግን ሐምሌ ላይ…"

"አካውንቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ ከበጀቱ ጋር። ምን አስቸኮለሽ?"

እሺ አልኩ። ለምንድን ነው እሺ የምለው?

ሰኔ 12

መብራት የለም። ጄኔሬተር ልጠቀም ብዬ ቴዎፍሎስን ብጠይቅ፣ "ጄኔሬተሩ ለእንግዳ ነው።" እትዬ ንጋቷ ምንድን ናቸው ታዲያ?

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ የቴዎፍሎስ ንግግር። ክራቫት፣ ሳል፣ "ባለድርሻ አካላት"፣ ውኃ መጎንጨት፣ እንደገና "ባለድርሻ አካላት"። እኔ ደግሞ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ፍጠን አይባል ነገር።

እናቴ ከአልዩ አምባ ደወለች። ከዒድ ወዲህ ብቅ አላልሽም ብላ ወቀሰችኝ። ከዚያ፣ "ማን ነው ያናደደሽ?"

"ኮምፒውተር ነው እማዬ።"

"ኮምፒውተር እንዲህ አያናድድም" አለች።

ሰኔ 19

መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ሲሄድ የተጀመረው ይጠፋል፤ ከዜሮ። አንዱን ንግግር ሦስቴ ጀመርኩት። ሦስቴ! የመጠለያውን ገና አንድም አልነካሁም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ



ጠዋት አፑን ስከፍት ቀይ ማስታወቂያ። አካውንቱ የፊታችን ሰኞ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል። ሰኞ! ስህተት መሰለኝ። ከአፑ ኩባንያ የመጣውን ኢሜይል ሒሳብ ክፍል ሄጄ አስከፈትኩ። ጁን 30 ይላል። የፈረንጅ ነው። በእኛ ሰኔ 23።

ቴዎፍሎስ ጋ ደወልኩ። ለሚ ከተማ ሠርግ ላይ ነው፣ ከኋላው ከበሮ ይሰማል።

"ጁን ሰኔ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ነው እንጂ! ሰኔ ነው! ግን የማን ሰኔ? ሰውዬው የፈረንጅ ደብዳቤ ላይ የእኛን የበጀት መዝጊያ አነበበ። ዓይኑ 30 ሲያይ ልቡ በጀት አለ። ለእኔስ ኢሜይሉን ለምን አላሳየኝም? "አንብቤዋለሁ" ነው ያለው። አንብቦታል!

"እንግዲህ የቻልሽውን ያህል ሞክሪ" አለና ዘጋው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ብዙ ነገር የተናገርኩት። መብራቱም ሄዶ ቀረ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ቢሮ መጣሁ። መብራት የለም። ሾፌሩ ሲሳይ ጄኔሬተሩን ከመጋዘን አስወጣና አስነሣው።

"ቴዎፍሎስ ቢጠይቅህስ?"

"እንግዳ መጣ እለዋለሁ።"

መጀመሪያ የጋሽ ገዛኸኝን አስገባሁ። አለቀ፤ ወደ ስልኬ ላክሁት፤ ተከፈተ። አልሃምዱሊላህ ልል ስል…

ቴዎፍሎስ። ስክሪኑን ሞልቶ፣ ክራቫቱን አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ። ለዚያን ሐሙስ መክፈቻ ብሎ ፎቶው ያለበትን ስላይድ አጋርቶ ነበር፤ ማጥፋቱን ረስቶ ሄደ። ስላይድ ከተጋራ የተናጋሪዎቹ ምስል ለብቻው ነው የሚቀመጠው፤ እንዲገባ ስቀይር አንድ ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግሁም። በንግግሮቹ ጊዜ አስፈልጎኝ አያውቅም። ስለዚህ የሚታየው ቴዎፍሎስ፣ የሚሰማው የጋሽ ገዛኸኝ ድምፅ። እያሳላቸው፣ እየደከማቸው፣ "በምሥራቅ ወልደተንሣኤ ያዋስነኛል…"

ጮህኩ። ሲሳይ ሮጦ መጣ።

ለሌሎቹ ምልክቱን አድርጌ ቀጠልኩ። እስኪመሽ የቻልኩትን ያህል ቀየርኩ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ እትዬ ንጋቷ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ የሌሎቹን ስቀይር ነበር፤ አስቀምጬ የጋሽ ገዛኸኝን አሳየኋቸው። የባላቸው ድምፅ ሲመጣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ከዚያ እውነቱን ነገርኳቸው። አካውንቱ ሊዘጋ ነው፤ የቀረው ሰዓት ለአንድ ቅጂ ብቻ ይበቃል። ይሄንን እንደገና ብቀይረው የጋሽ ገዛኸኝ ፊት ይገባል። ካልሆነ ያልተነኩ አምስት ቤተሰቦች አሉ፤ ከነሱ አንዱን አወጣለሁ። እንደገና ልቀይረው ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

"ያልተነኩት ምንም የላቸውም?" አሉ።

"ምንም።"

"ፍሥሐ አለበት? የልጆቹ እናት የሞተችበት?"

"አለበት።"

ስክሪኑን አዩ። ቴዎፍሎስ ይሥቃል።

"የገዛኸኝን ፊት እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። "ኮሚቴው ቃሉን ይስማ፣ ይበቃል። የፍሥሐን አውጪለት።"

አወጣሁ። እሳቸውም እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀመጡ፤ የሰው ምስክርነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ማጫወቻው ተዘጋ። አራት ቤተሰብ ቀረ።

እሳቸው ሲሄዱ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፣ በሌላ አይደለም።

ሰኔ 24

ቴዎፍሎስ ጠራኝ። "ኮሚቴው ስለ አራቱ ከጠየቀ የመብራት መቆራረጥ ነው እንላለን። ተግባባን?"

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መውጣቴን እሺ አድርጎ ወሰደው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። ቪዲዮ የማጫውተው እኔ ነኝ። ቴዎፍሎስ ከፊት ወንበር።

እትዬ ንጋቷ ተጠሩ። ስልካቸውን ሰጡኝ፣ አገናኘሁት። ያ ፈገግታ ግድግዳውን ሞላው። ሰብሳቢው መነጽሩን አስተካክሎ፣ "ሟች ገዛኸኝ እኚህ ናቸው?"

"አይደለም" አሉ እትዬ ንጋቷ። "ይሄ የቢሮው ሰውዬ ነው። ገዛኸኝ የሚናገረው ነው።"

አዳራሹ ሣቀ። ቴዎፍሎስ ጫማውን አየ። ከዚያ ድምፁ ጀመረ፤ ሣቁም ቆመ። "በምሥራቅ ወልደተንሣኤ ያዋስነኛል…" ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ለዚሁ ከአረርቲ የመጡ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ወልደተንሣኤ እኔ ነኝ። እውነት ነው።" ማንም አልጠራቸውም እኮ! ስማቸውን ከሟች አፍ ሰምተው ነው የተነሡት። ኮሚቴው ተቀበለ። የፍሥሐንም ተቀበለ።

አራቱ ቀረቡ። የማይከፈት ቅጂ። ሰብሳቢው፣ "ያልታየ ነገር እንዴት ማስረጃ ይሆናል?" አንዷ ሴት እኔን ታየኛለች። ቴዎፍሎስ ተነሥቶ፣ "ክቡራን፣ በመብራት መቆራረጥ ምክንያት…"

"መብራት አይደለም" አልኩ።

ሁሉም ዞረ። እኔም ድምፄ ገረመኝ። "መብራት አይደለም። የሚዘጋበትን ቀን አንብበው በእኛ ሰኔ ቆጠሩት፤ ለእኔም አላሳዩኝም። መጀመሪያ የእርስዎን ንግግር ቀይሪ አሉኝ፣ ቀየርኩ። እነዚህ ሰዎች ቀርበው ተናግረዋል። አዋሳኞቻቸው ተነሥተው መስክረዋል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወላሂ ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የኛ የቢሮው ነው፣ የነሱ አይደለም። እነሱ መሬታቸውን ሁለቴ ማጣት የለባቸውም!"

እየጮህኩ ነበር። የት ጀምሬ የት እንዳበቃሁ አላውቅም።

ሰብሳቢው ከጓደኞቹ ጋር ተንሾካሾከ። ለአራቱ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ፤ አዋሳኞቻቸውን በአካል ይዘው ይምጡ ተባለ። ቴዎፍሎስ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "ነገ ቢሮ እንነጋገራለን" አለኝ። እንነጋገር። እኔም የምለው አለኝ።

ዕቃዬን ሰብስቤ ስወጣ ዝናብ ነው። እትዬ ንጋቷ ቃላቸው ካለቀ ቆይቷል፤ ግን አልሄዱም፣ ከውጭ ከግንቡ ሥር ተጠልለው ቆመዋል።

"ልጄ፣ እዚህ ድረስ ተሰማሽ" አሉኝ።