የገዛ ሪፖርታቸውን የተቃወሙት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ፤ በ1974 ዓ.ም. በሥነ ልቦና በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. ከእናታችን፣ ከሒሳብ መምህርቷ ጋር ትዳር መሥርተው እኛን ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን ወለዱ።

ወንጀል ወደ ኢንተርኔት ሲገባ እሳቸውም ተከትለውት ገቡ። ሥራቸው ከኮምፒውተርና ከስልክ የተገኘ ጽሑፍ እያነበቡ ጸሐፊውን ከጠባዩ መለየት ነበር፦ በስንት ሰዓት እንደሚጽፍ፣ የትኛውን ቃል እንደሚደጋግም፣ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ። ባልደረቦቻቸው «ጠንቋዩ» ይሏቸው ነበር። እኛም ከቤት ርቀን ስንማር «ደህና ነኝ» ብለን ብንጽፍላቸው እንኳ መታመማችንን ከአጻጻፋችን ያውቁ ነበር። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል።

በ2006 ዓ.ም. አንድ ሰው በሐሰት ስም እየጻፈ ሴቶችን በፎቶግራፋቸው ያስፈራራ ነበር። ምርመራው አራት ሠራተኞች ካሉት የስልክ ጥገና ሱቅ ደረሰ። በዛቻዎቹ ላይ አራት ነጥቡ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታ ነበር። አባታችን «ንዴቱን በጣቱ የሚወጣ ሰው ነው» ብለው ጻፉ። ከሠራተኞቹ የአንዱ፣ የዝምተኛው ስልክ ሠሪ፣ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤም እንደዚያው ነበር። የሌሎቹን የሦስቱን ጽሑፍ አልጠየቁም። ሰውዬው አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት፤ አባታችን የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውዬው እስር ቤት እያለ ያው ዛቻ ከነድርብ ነጥቡ ተመልሶ መጣ። አባታችን ወደ ሱቁ ሄዱ፤ ሠራተኞቹ በጋራ ከሚጠቀሙበት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሦስት መስመር ጻፉ። ነጥቡ ድርብ ሆኖ ወጣ። የሰው ጠባይ ብለው የፈረሙበት ነገር የቁልፍ ሰሌዳ ብልሽት ነበር። አራቱም ሠራተኞች በእሱ ይጽፉ ነበር፤ የፈቃድ ደብዳቤውም የተጻፈው በእሱ ነበር።

በማግስቱ የገዛ ሪፖርታቸውን የሚሽር ደብዳቤ ለአለቃቸው አቀረቡ። አለቃቸው በዕድሜ ታናሻቸው ነበሩ። «ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ ሊያፍሱ ነው? ጡረታዎ ደርሷል፣ አርፈው ይቀመጡ» አሏቸው። አባታችን አላረፉም። ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ለመሥሪያ ቤቱና ለፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፉ። መልስ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ደብዳቤው መድረሱን የሚገልጽ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። መሥሪያ ቤታቸው በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ የላከልን ዐረፍተ ነገር «አንድም እንከን ያልተገኘባቸው» ይላል። አላስገባነውም። ስህተታቸው በቀብራቸው ላይ ሳያጥር እንዲነበብ አደራ ያሉት እሳቸው ናቸውና።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው አሉ። ስልክ ሠሪው እስር ቤት ከገባ አሥረኛ ዓመቱን ይዟል፤ እናቱ ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። አባታችንን ይቅር ይበሉልን ብለን አልጠየቅናቸውም፤ ልጃቸው ሳይፈታ ይህን መጠየቅ ይከብዳል።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ ያሳርፍልን። ለእኚህ እናት ደግሞ ደብዳቤውን ከፍቶ የሚያነብ ዳኛ ይስጥልን።